ኡፖ ብዬ ጻፍኩ

ልጄ ሊጋያ፣ ያለሽበትን አገር ጌታ ያለምልምልሽ፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይብቀል። እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽም ጉልበት ተሽሎታል። ይህን ደብዳቤ ማን የጻፈው ይመስልሻል? እናትሽ! ከእንግዲህ ጎረቤታችን ማንግ ኢስኮ ደብዳቤ አይጽፍልኝም፤ ቢከፋውም ይክፋው።

ዘንድሮ ጓሮውን በእቅድ ነው የዘራሁት። ዱባውን አጥሩ ሥር፣ ባሚያውን ፀሐይ የሚበዛበት፣ የምትወጂውን ቅል፣ ኡፖውን ደግሞ መሃል ላይ አደረግሁት። አያትሽ ካቆየችው የኡፖ ዘር የቀረኝ አንድ ጭብጥ ብቻ ነበር። ውሃ ውስጥ ጨምሬ የተንሳፈፈውን ጣልኩና የሰመጠውን ዘራሁ። በየመደቡ ቀርከሃ ተክዬም ስሙን በገዛ እጄ ጻፍኩበት። መንደሩ ሁሉ ሊያይ መጣ!

ማንግ ኢስኮም መጣ፤ ጽሑፌን አነበበና የኡፖው መደብ ላይ ዘጭ አለ።

«አንተ ሰው፣ ዘሬን ጨፈለቅከው! ተነስ!»

«አሊንግ ሲዳ፣ ተቀመጥ ብለሽ ጽፈሽ እንዴት ተነስ ትይኛለሽ?»

ለካስ በቋንቋችን ኡፖ አትክልቱም «ተቀመጥ»ም ሲጻፍ አንድ ነው፤ የሚለየው በአፍ ብቻ ነው! የአያትሽ ዘር በእኔ ጽሑፍ ሊጠፋ ነው ብዬ በየማለዳው አፈሩን ሳይ ሰነበትኩ።

በቀለ ልጄ! እሱ በተቀመጠበት ደግሞ ጥቅጥቅ ብሎ። አሁን «መቀመጫዬ ማዳበሪያ ነው» እያለ መንደሩን ይዞራል።

ሐረጉ በቀርከሃ የሠራንለት ዳስ ላይ ወጥቷል። አባትሽ ከሥሩ አግዳሚ ወንበር ሠራ፤ እኔም ጽሑፌን እዚያ አዛወርኩት። ለገና ፈቃድ ጠይቂና ነይ። አንብቢውና የታዘዝሽውን አድርጊ።

ማርያም በሄድሽበት ትከተልሽ።

ጽሕፈት አዋቂዋ እናትሽ ሲዳ