ዘሃራ አውሮፕላኑን በእጇ ያወረደች ዕለት

ውዷ ሞሚና፣

አሰላሙ አለይኪ። ከተለየሽን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። ቤቱ ደህና ነው፤ ጥቁሯ ላም ወልዳለች፣ ጓሮ የተከልሽው ማንጎም ዘንድሮ አፈራ። ትልቁ ወሬዬ ግን የልጃችን የዘሃራ ነው። አንቺ ስትሞቺ ገና የበረራ ተማሪ ነበረች፤ ዛሬ ረዳት አብራሪ ሆናለች።

ባለፈው ወር ለሕክምና አዲስ አበባ ከርሜ ስመለስ «በእኔ አውሮፕላን ነው የምትሄደው» ብላ እስከ ኮምቦልቻ አሳፈረችኝ። እሷ ፊት ከዋናው አብራሪ ጋር፣ እኔ መስኮት ዳር። መውረድ እንደጀመርን የጨፋ ሜዳችን ታየኝ፤ ማሽላው፣ ጤፉ፣ ከብቱ ሁሉ። ሱብሃነላህ እያልኩ ሳለ አውሮፕላኑ በድንገት አፍንጫውን ደፍቶ ቁልቁል ተወረወረ። ሰው ጮኸ። ከዚያ ቀና አለ፤ ግን ወዲያና ወዲህ ይዋዥቅ ነበር።

የዋናው አብራሪ ድምፅ መጣ፦ «አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረው መሣሪያ ስለተበላሸ አጥፍተነዋል። አሁን ረዳቴ ዘሃራ በእጇ ይዛዋለች። ቀበቷችሁን አጥብቁ።»

አጠገቤ የተቀመጠው የባቲ ነጋዴ ክንዴን ጨምቆ «ዘሃራ ማናት?» አለኝ።

«ልጄ ናት» አልኩት። ከቁርአን ያሲንን መቅራት ጀምሬ መሐል ላይ ጠፋብኝ።

ሞሚናዬ፣ ክንፉ ሲያዘነብል ቦርከና ታየኝ። ሕፃን ሳለች ትኩሳት ይዟት በሙላት አዝለሻት የተሻገርሽው ቦርከና! ያን ቀን ውሃው ደረትሽ ደርሶ ነበር፤ ከላይ ሳየው ክር አክሏል። አንቺ ያሻገርሻት ልጅ ያን ሁሉ ሰው ይዛ በላዩ ታልፋለች።

ቀስ በቀስ መዋዠቁ ቀረ። ጎማው መሬት ሲነካ ሰው አጨበጨበ፤ ያለቀሰም ነበር። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

በላብ ርሳ ወጣች። «አባ፣ ሶዳቴ?» አለችኝ፣ መፍራቴን ልታውቅ።

«በጣም» አልኳት።

«እኔም» ብላ እጇን ሰጠችኝ። ይህ እጅ ነው ያወረደን? እያልኩ ይዤው ቆየሁ።

አውሮፕላኑ ለፍተሻ ስለቆመ ከሚሴ ቤታችን አብራኝ አደረች። ማለዳ አንቺ ዘንድ መጣን። ከነዩኒፎርሟ አፈሩ ላይ ተቀምጣ ብዙ አወራችሽ። እኔ ራቅ ብዬ ጠበቅኋት፤ ምን እንዳለችሽ አልጠየቅኋትም።

አላህ ጀነትን ይወፍቅሽ። በሕይወት እስካለሁ ከዱዓዬ አትጠፊም። ሰውም «ያቺ አብራሪ የማን ልጅ ናት?» ሲለኝ የእኔን ስም አላስቀድምም፤ የሞሚና ልጅ ናት እላለሁ።

ባልሽ ኢብራሂም