«ሌላ ትወልጃለሽ» ማለት ቀረ

የኔ ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል? የረገጥሽው ይለምልምልሽ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል፣ ሐኪም ጋ ሂድ ስለው ግን መስሚያው ጥጥ ነው።

ፅንስ የጨነገፈባቸውን እናቶች ጠይቀሽ ያጠናሽውን ለማዋለጃ ክፍላችን አለቃ ሰጠኋት። ከሁሉ ያቆሰላቸው «አይዞሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» መባላቸው እንደሆነ ስታነብ ሕግ አወጣች፦ ይህን ቃል የተናገረች አዋላጅ ለሁላችንም ሻይ ታፈላለች። አንጋፋዋ ባልደረባችን አፏ ለምዶባት ሳምንቱን ሙሉ ስታፈላ ሰነበተች፤ በሳቅ ፈረስን።

ትናንት ግን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ፅንሷ ጨነገፈባት። አንጋፋዋ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና፣ ጥናትሽ ላይ እንዳለው፣ «ስም አውጥተሽለት ነበር?» አለቻት። ልጅቷ ስሙን ተናግራ አለቀሰች፤ ቀለል አላት።

ቤት ገብቼ ይህን ለአባትሽ አወራሁለት። ካንቺ በፊት ለጨነገፈብን ወንድ ልጅ በልቤ ስም አውጥቼለት፣ ለማንም ሳልተነፍስ ነው የኖርኩት። ለካ አባትሽም የራሱን አውጥቶለት ኖሯል! እንደ እጮኛ ስናወራ አመሸን።

ፈጣሪ የልፋትሽን ፍሬ ያሳይሽ፣ ልጄ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ወንድምሽ አሁን ሁለት ስም አለው። ስትመጪ አንዱን ምረጪለት።

እናትሽ