«ዳግም አይዘፈንም» ስለተባለው የኤልዊን ዘፈን

ለተከበሩ አቶ ሃርላን ፕሩት፣
የኦተር ፎርድ ባንድ መሪና ድምፃዊ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። እርስዎም፣ ጊታሪስቱም፣ ከበሮ መቺውም፣ ያ ረጅም አውቶቡሳችሁም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ የእርስዎ ጉሮሮ እጅግ ያሳስበኛል። በዚህ በጋ በየከተማው፣ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ብቻ እየመጣ ያስቸግርዎት የነበረው ሳል ተሻለዎ ወይ? ይህን የምጠይቅበትን ምክንያት ዝቅ ብለው ያገኙታል።

ስሜ መርል ፌንተን ይባላል፤ እዚህ ቨርሞንት ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ። በስም አያውቁኝ ይሆናል። ነገር ግን ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት እርስዎ በዘፈኑበት ሜዳ ሁሉ፣ ከድምፅ ተቆጣጣሪው ጠረጴዛ ጀርባ፣ ማይክሮፎን የታሰረበት ረጅም ዘንግ ተክለው ከሚቆሙት ሁለት ሰዎች ረጅሙ እኔ ነኝ። አጭሩ ኤልዊን ቴሮ ነው፤ የሞተር መጋዝ ጠጋኝ፣ ጎረቤቴ፣ ከወንድም ያላነሰ ጓደኛዬ።

ይህን ደብዳቤ በደጋፊዎቻችሁ መጽሔት ላይ ያወጣሁት በግል ብጽፍልዎ እንደማይደርስዎ ጠርጥሬ አይደለም። የግል ደብዳቤዬ አንድ ጊዜ ደርሶዎት ያደረጉበትን ስላየሁ ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ ባንዳችሁ ከሌላው ሁሉ የሚለይበት አንድ ቃል ነበረው፦ አንድን ዘፈን ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ አንጫወትም የሚል። በፖስተሩም በካናቴራውም ላይ ያሳተማችሁት ይህንኑ ነው። ሌሎች ባንዶች መቅጃ ይዞ የተገኘን ሰው በጥበቃ ሲያስወጡ፣ እናንተ ግን ለቀጂዎች የተለየ ቦታ አጥራችሁ፣ ካሴቱን እስካልሸጣችሁት ድረስ ቅዱ፣ ተለዋወጡ አላችሁን። እኛም ቃላችሁን እንደ ቃል ያዝነው። በዘንጉ ሥር የቆመ ሰው አያጨበጭብም፣ አብሮ አይዘፍንም፣ አያስነጥስም። ኤልዊን አንድ ጊዜ አንገቱን ንብ ነድፋው ሃያ ደቂቃ ሙሉ ትንፍሽ ሳይል ቆሟል። ቀድተን ስናበቃ ካሴቱ ዳግመኛ እንዳይቀዳበት በጀርባው ያሉትን ሁለት ፕላስቲኮች እንሰብራለን፤ ከዚያ ቅጂውን አይተናቸው ለማናውቃቸው ሰዎች በፖስታ እንልካለን፣ እነሱም የየከተማቸውን ይልኩልናል። በዚህ ዓይነት አንድ መቶ አሥራ ሁለት ዝግጅቶችዎን ቀድተናል። ሚስቴ ይህንን ሃይማኖት ነው ትላለች፤ ተሳስታለች ለማለት ደፍሬ አላውቅም።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ተለወጠ። የኤልዊን ግራ ጆሮ ከሁለት ክረምት በፊት ጠፍቷል። በሚያዝያ ደግሞ ሐኪሙ በቀኙ ውስጥ እባጭ አገኘና ሳይሸፋፍን ነገረው፤ ሴፕቴምበር ላይ በቀዶ ጥገና ይወጣል፣ ሕይወቱ ይተርፋል፣ መስማቱ ግን አይተርፍም። ስለዚህ በጁላይ በእኛ ከተማ የእርሻ ትርኢት ሜዳ ያቀረቡት ዝግጅት ኤልዊን በዕድሜው የሚሰማው የመጨረሻው ነበር። ይህንን ነው በግል የጻፍኩልዎ። ብዙ አልለመንኩም፤ እባክዎ በዚያ ቀን በደንብ ይጫወቱ ብቻ ነበር ያልኩት። ልመናዬ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ያኔ አልገባኝም።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ በአክብሮት እሻገራለሁ።

አንደኛ። ከሰዓት በኋላ ይጀመራል የተባለው ዝግጅት አንድ ሰዓት ከሩብ ዘግይቷል። ለዚህ ከልብ አመሰግናለሁ። በዚያ ፀሐይ ከጎናችን በረት ውስጥ ለውድድር የቀረቡትን ላሞች ሁሉ በስማቸው ለማወቅ ችያለሁ።

ሁለተኛ። ይኸኛው ትንሽ ይረዝማል፣ ይታገሡኝ።

ዝግጅቱ ሊጋመስ ሲል ጊታርዎን አወረዱና ወደ ማይክሮፎኑ ቀርበው «ኤልዊን የታለህ?» አሉ። እኔ ክው አልኩ። ከዚያ ያሉትን ቃል በቃል አስቀምጠዋለሁ፣ ካሴቱ ላይ አለና፦ «ዛሬ ጠዋት እዚህ ወንዛችሁ ዳር ቁጭ ብዬ ነው የመጣልኝ። ያንተ ነው። ዛሬ ይዘፈናል፣ ዛሬ ያልቃል፣ ዳግም አይዘፈንም። ይዘኸው ሂድ ወንድሜ።»

ዘፈኑ ስለ በልግ ቅጠል ነበር፤ መጥፎ አልነበረም። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ሳል ያዘዎት፣ ቀጥሎም «ቃሉ ጠፋኝ» አሉና ዝም አሉ።  ከስድስት ሰከንድ በኋላ ድምፅዎ እየተንቀጠቀጠ ቃሉን አገኙት። እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሕጋችንን ጣስኩ፤ በዘንጉ ሥር ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ካሴቱም ቀዳኝ። ዞር ስል ኤልዊንም ያለቅሳል። በዚያች ሰዓት ለእርስዎ የማልሰጠው ነገር አልነበረም። አውቶቡሴን ይዘው ቢሄዱ እንኳ ቁልፉን ራሴ አቀብልዎ ነበር።

ወንዛችን በዚያ ሰሞን ደርቆ የትምህርት ቤት ልጆች ጫማቸውን ሳያወልቁ ይሻገሩት እንደነበር ልብ ማለት ነበረብኝ። ለነገሩ አምኖ የተቀመጠ ሰው የወንዝ ውኃ አይለካም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኦሃዮ፣ አክሮን ከምትኖረው ከወይዘሮ ሎርና ፒኬት እንደ ልማዷ አንድ ካሴት በፖስታ ደረሰኝ። እኛ ጋ ከመምጣታችሁ ከሦስት ቀን በፊት የቀዳችው ነው። ከመኪናዬ በስተቀር ማንም በሌለበት ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። «ዴኒስ የታለሽ?» አሉ እርስዎ። ዛሬ ጠዋት እዚያው ወንዛቸው ዳር ቁጭ ብለው ነበር። ዛሬ ይዘፈናል፣ ዛሬ ያልቃል። ሳሉም መጣ። ቃሉም ጠፋ፤ የጠፋውም ያው ቃል ነው። ሰዓቴን አውጥቼ ለካሁት፣ ስድስት ሰከንድ። ድምፅዎም በዚያችው ቃል ላይ፣ በዚያችው መንቀጥቀጥ ተንቀጠቀጠ።

ካሴቱን አቆምኩት። የምለው ቃል እኔም እንደርስዎ ጠፋኝ፤ ልዩነቱ የእኔ እስከ ዛሬ አለመገኘቱ ነው። አቶ ፕሩት፣ ዘፈንን ደጋግሞ መዝፈን ነውር አይደለም፣ ዓለም ሁሉ የሚያደርገው ነው። ያልጠፋን ቃል ጠፋኝ ብሎ መስማት በሚጠፋበት ሰው ፊት መቆም ግን ምን እንደሚባል አላውቅም። ከድተውናል። ይህንን በትሕትና የምጠቀልልበት ወረቀት ፈልጌ አጣሁ።

ሦስተኛ። ውሸታም አድርገውኛል። ካሴቱን የመኪና አምፖል በማስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ ከሥር ቀበርኩት። ኤልዊን በእነዚያ ቀናት ሱቁ ውስጥ መጋዝ እየፈታ የእኛን ካሴት ደጋግሞ ይሰማል፤ የሚሰማበት ጊዜ በቀን የሚቆጠር ሆኖ ነበርና። ከአክሮን የመጣ ነገር የለም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ፖስታው ዘግይቷል አልኩት። በሳምንቱም ጠየቀኝ፣ ሎርና ሳትታመም አልቀረችም አልኩት። ጤነኛዋን ሴትዮ አስተኛኋት። ኤልዊን ሁለቱንም ጊዜ «ይሁን እንግዲህ» ብሎ ወደ መጋዙ ተመለሰ። ያለወትሮው እንዲህ በቀላሉ ሲተወኝ መጠርጠር ነበረብኝ።

ኦገስት በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሱ ጎንበስ ብሎ የመጋዝ ሰንሰለት እየሳለ፣ ቀና እንኳ ሳይል ተናገረ።

«የአይዋው ይሻላል።»

ምኑ ነው የሚሻለው አልኩት።

«ሳሉ። አይዋ ላይ ሲስል እውነት ይመስላል። እዚህ ሲደርስ ተሰላችቶበታል።»

ለካ እኛ ጋ ልትመጡ አራት ቀን ሲቀር፣ ከአይዋ ግዛት የሚልክልን ሰውዬ ካሴት በኤልዊን አድራሻ ደርሶ ኖሯል። እዚያ የተዘፈነው ካርል ለሚባል ሰው ነው። ከተማው ወንዝ ስለሌለው «ኩሬያችሁ ዳር» ብለዋል፤ ይህን ያህል መድከምዎን ሳላደንቅ አላልፍም። ኤልዊን ሰምቶት፣ እኔ እንዳላገኘው የአሮጌ መጋዝ ሽፋን ውስጥ ሸሽጎት፣ ምን ሊዘፈንለት እንደሆነ፣ የት ላይ ሊስሉ እንደሆነ፣ የትኛው ቃል ሊጠፋዎት እንደሆነ እያወቀ ነው ዘንጉን ተሸክሞ ሜዳው ድረስ አብሮኝ የመጣው።

ገብቼ ከፊቱ ተቀመጥኩ። 

«ታዲያ ለምን አለቀስክ?» አልኩት።

«በእሱ ዘፈን መስሎህ ነው? አንተ ስታለቅስ አይቼ ነው እንጂ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዳታስነጥስ ስጠብቅህ ኖሬ፣ በመጨረሻው ቀን ተንሰቀሰቅክብኝ።» ሞረዱን አስቀመጠ። «ስሰማ የነበረው አንተን ነው መርል። ካሴቱንም በየቀኑ የምከፍተው አንተ ያለህበት ቦታ ድረስ ነው።»

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አንዱ አንዱን ከእርስዎ ሊከልለው በጋውን በሙሉ ካሴት ሲሸሽጉ ከርመዋል። ሌላ ባንድ ቢሆን ይህን ያህል ሥራ አይሰጠንም ነበር።

አራተኛም ቅሬታ ነበረኝ፣ ስለ ኮፍያዎ። ኤልዊን ይህ ተራ ጥላቻ ነው ብሎ አሰረዘኝ።

ምን እንደምጠይቅዎ አሰብኩበት። ይቅርታ አልፈልግም፤ ይቅርታዎም ላይ ሳል እንዳለበት እፈራለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዴኒስ ማን እንደሆነች አላውቅም፣ ካርልም ማን እንደሆነ አላውቅም። ነገር ግን ስለ እያንዳንዳቸው እንደኔ ያለ አንድ ሞኝ ደብዳቤ ጽፎልዎ መሆን አለበት። ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርስዎ ስሙን ከመድረክ አይጥሩት። ካናቴራው ላይ እንዳለው ሳይደግሙ ይጫወቱና ይውረዱ። የታመመውን ለእኛ ለወዳጆቹ ይተዉልን።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ኤልዊን ጻፍለት ስላለኝ ነው። ሁለት ነገር አዘዘኝ፤ አትሳደብ፣ እና ጆሮዬ ሳይዘጋ አንብብልኝ። የመጀመሪያውን እንደምንም ጠብቄያለሁ። ሁለተኛውን ትናንት ፈጸምኩት። ሱቁ ውስጥ መጋዞቹን ሁሉ አጥፍቶ፣ በቀኝ ጎኑ አስቀምጦኝ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማኝ። ሲያልቅ ድምፅህ ሲያነብ ያን ያህል አይቀፍም አለኝ። በሴፕቴምበር ሦስተኛው ሐሙስ ሐኪም ቤት የምወስደው እኔ ነኝ።

ለረጅም ዓመታት ስላስደሰቱን፣ ቀጥሎም ደስታው ከየት ይመጣ እንደነበር ስላሳዩን የላቀ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ለጉሮሮዎ ምሕረትን፣ ለትዝታዎ ብርታትን፣ በየከተማው ላሉ ወንዞች ሁሉ ውኃን እመኛለሁ።

አንድ መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ አክባሪዎ የነበረ፣
መርል ፌንተን
የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር፣ ቁጥር 7

ማሳሰቢያ፦ የዚያን ቀን ካሴት እንዳናጠፋው የሰበርነውን ቦታ በፕላስተር ደፈንነው። ዘንጋችንንም ወስደን ከኤልዊን ቤት ጀርባ ካለው ኩሬ ዳር ተከልነው፣ እኔ ያለቀስኩባትን አንድ ደቂቃ ኤልዊን አይነካም ስላለ ትተን፣ በእርስዎ ድምፅ ላይ እንቁራሪቶቹን ቀዳንበት። ሁለት ምሽት ቀዳን። ኤልዊን በቀኝ ጆሮው ሁለቱንም ደጋግሞ አመሳከረ፤ የሁለተኛው ምሽት ጩኸታቸው እንደ መጀመሪያው አይደለም። አንዳቸውም ደግሞ ይህ ለኤልዊን ነው አላሉም።