ደከመው ሲባል
ጉለሌ፣ ጥቅምት ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ዓምሃ፣ እንደምን አለህልኝ? ይህን የምጽፍልህ በቀትር አልጋ ላይ ተጋድሜ ነው።

ያረፍኩት ኢንጂነሩ ጓደኛዬ ገለታ ቤት ነው። ከውጭ አገር ትምህርቱ ሲመለስ፣ እንደ ዳቦ ውስጡን ቀዳዳ የሞላው አሉሚኒየም ይዞ መጥቷል። ጓሮ ውስጥ ሞተር በገጠመለት መጭመቂያ ይጫነዋል፣ ይለቀዋል፣ ደግሞ ይጫነዋል። እስከ ዛሬ ንቅንቅ አላለም ነበር። ጠዋት ግን አንዱ የቀዳዳ መስመር ተጨፍልቆ ብረቱ ማጠር ጀመረ። ገለታ «ደከመው፣ በቃ ደከመው» እያለ በደስታ ወደ ቤት ሮጠ። እናቱ እማማ ሾዴ እኔን መስሏቸው፣ «የደሴ መንገድ መቼ ቀላል ሆነና» ብለው እግሬን አጥበው አስተኙኝ። ብረቱን ነው ብል ማን ይስማኝ።

ገለታ እንደሚለው፣ እንዲህ ያለው ብረት ሲደክመው ድንገት አይሰበርም፤ ድምፁን አጥፍቶ ያጥራል። ይሄኔ የሰፈራችን ወፍጮ ቤት ትዝ አለኝ። አባትህ ጋሽ ወልዱ ጆንያ ተሸክመው ሲወጡ «ደከመዎት?» ስንላቸው፣ «ምን ሆኜ ነው የሚደክመኝ» ነው መልሳቸው። ቁመታቸውን ግን ልብ ብለህ አይተሃል?

የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። እናትህንና እህቶችህን ሳምልኝ። ጋሽ ወልዱን ግን ምንም ሳትጠይቅ እግራቸውን አጥበህ በቀን አስተኛቸው።

ነገራ