ቅቤ የጠጣው ቆዳህ

አካሌ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ከተለየኸኝ ዓመት ሞላ፤ ሙት ዓመትህንም ከትናንት በስቲያ አወጣን። እኔ ግን ዛሬም ጠዋት ጠዋት ዓይኔ ሳይገለጥ ምላጭህን ቆዳው ላይ ስትስል እሰማሃለሁ። ሸረር፣ ደግሞ ሸረር። በመስኮቱ ጉም ይገባል፤ አንተ ጀርባህን ሰጥተኸኛል። እንዳትሄድብኝ ብዬ ሳልንቀሳቀስ እተኛለሁ። ኋላ ስነቃ ጎረቤት ደጇን ስትጠርግ ኖሯል።

ቤታችን እንዲህ ሆኗል። ማራኪ ሰፈር ያለችውን ጸጉር ቤትህን የተማሪ ወረቀት የሚያባዛ ሰው ተከራይቷታል። ቶንዶዞችህ ተሸጡ። ወንበርህ ግን እኛው ዘንድ ነው፤ የሳሎኑን ግማሽ ይዞ፣ የመጣ እንግዳ ሁሉ እሱ ላይ ካልተቀመጥኩ ይላል። ለደንበኛ የማታወጣው፣ ለራስህና ለታላቅ ወንድምህ ለአያ ታከለ ጢም ብቻ ያቆየኸው ምላጭ መስኮቱ አጠገብ አለ። መሳያ ቆዳውም ከጎኑ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል።

አያ ታከለ ሐዘንህን በጢሙ ያዘው። አርባህ ሲወጣ ሌላው ሰው ተላጨ፤ እሱ የወንድሜ ምላጭ እንጂ ቶንዶዝ አይነካኝም ብሎ ማለ። ያን ጊዜ ደግሞ ምላጩን ማየት አቃተውና ሳይላጭ ተመለሰ። ከአገሩ ከኮሶዬ በመጣ ቁጥር ጢሙ ወደ ደረቱ እየወረደ ነበር። ለሙት ዓመትህ እላጫለሁ ብሎ፣ ሳምንት ሲቀረው መጣ።

ቆዳውን ሲያየው ደርቋል። ገበሬ አይደል፤ ለጅራፉ እንደሚያደርገው ቅቤ ለቀለቀውና ፀሐይ ላይ ዘረጋው። ከገበያ ስመለስ ቆዳህ ቅቤውን ጠጥቶ እያብለጨለጨ ጠበቀኝ። ምላጩ ያዳልጥበታል እንጂ አይሳልበትም። ቅንድብ ሲኩሉ ዓይን ማጥፋት ማለት ይኸው ነው። አያ ታከለ ነገሩ ሲገባው፣ «ምነው እጄን በቆረጠው፤ ሸጋ ያደረግሁ መስሎኝ እኮ ነው» ብሎ አንገቱን ደፋ። ተናድጄ ነበር፤ ያን ሳይ አሳዘነኝ። መሐላውን አያፈርስም፤ ሐዘንህ ፊቱ ላይ ሊቀር ነው።

ያኔ እጅህን ማስታወስ ያዝኩ። ቆዳው ውኃ እንዳይነካው፣ እሳት አጠገብ እንዳይሰቀል፣ እንዳይታጠፍ እያልክ ስትጨቀጭቀኝ ትኖር ነበር። ዘይትም ቅቤም አታስጠጋውም። የምትሰጠው መዳፍህን ብቻ ነው። ከመሳልህ በፊት ከላይ እስከ ታች እስኪሞቅ ትዳብሰዋለህ፤ የሰው እጅ ወዝ ይበቃዋል ትላለህ። እኔም ጉንጬ እዚህ ቁጭ ብሎ አንተ ቆዳ ትዳብሳለህ እያልኩ እቀናበት ነበር። ትስቅና በዚያው እጅህ ጉንጬን ትይዘዋለህ። እጅህ ናፈቀኝ።

የገብስ ዱቄት ነሰነስኩበት። ዱቄቱ ቅቤውን ሲስብ በቢላዋ ጀርባ ቀስ ብዬ ፋቅኩት፤ እንደገና ነሰነስኩ። ሳምንቱ በዚህ አለቀ። ዱቄቱ ደርቆ መርገፍ ሲጀምር መዳፌን አሳረፍኩበት። መሐሉ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ፤ መዳፍህ ነው በስንት ዘመን ያበጀው። እጄ እዚያ ገባ። ሕልም ይሁን እውን አላውቅም፣ አንተም ከወዲያ በኩል የያዝከው መሰለኝ። ቆዳው ሞቀ።

በሙት ዓመትህ ዋዜማ ምላጩን ጀርባውን አስቀድሜ፣ ስለቱን አስከትዬ እንዳንተ ሳብኩት። ሸረር አለ። አያ ታከለ ወንበርህ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ሰው ላጭቼ አላውቅም ስለው፣ «አይዞሽ፤ ብትቆርጭኝም የእሱ ምላጭ ነው» አለኝ።

ጢሙን በመቀስ አሳጠርኩ፣ ሳሙና ቀባሁት፣ ጉንጩን ጨርሼ ወደ አገጩ ወረድኩ። አካሌ፣ ያ ሁሉ ጸጉር ሲወርድ ከሥሩ ያንተ አገጭ ወጣ። ያው መሐሉ ስርጉድ ያለው። እንዲህ መመሳሰላችሁን ረስቼው ነበር። ምላጩን አስቀመጥኩና አገጩን በመዳፌ ያዝኩት። አያ ታከለ ማንን እንደያዝኩ ገብቶታል፤ እስክለቀው ድረስ አገጩን ቀና አድርጎ ቆየልኝ። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ቀን አላለቀስኩም።

ዛሬ ፊቱ በርቶ ወደ ኮሶዬ ሄደ። ጢሙ ባደገ ቁጥር እንዲመጣ ቃል አስገብቼዋለሁ። ለአንተ ደግሞ ቃሌ ይህ ነው፤ ቆዳህን ቅቤ አላስነካውም፣ ፀሐይ አላሳየውም። ጠዋት ጠዋት መዳፌን አንተ ባበጀኸው ጎድጓዳ ላይ አሳርፋለሁ። እጄ እስካለ ድረስ አይደርቅም።

ያንተው ብርቄ