ግንቡ ላይ ስለተፈታው ፀጉርሽ

እማዬ፣ ዓለሜ፣

ከተለየሽን ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። እዚህ አቃቂ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። በረንዳው አሁንም ያፈስሳል፤ አባዬም ነገ እጠግነዋለሁ እንዳለ ነው። አልጋችሁን ትቶ ሳሎን ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው፤ ወገብህን ያምሃል ብለው ማን ይሰማኛል። ደህና ነን እንዳልልሽ ደህና አይደለንም። ናፍቀሽናል፣ በቃ።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ግንቡ ነው። እኔ ካልነገርኩሽ ማንም አይነግርሽም።

መናኸሪያው ጋ፣ የቂሊንጦ ፋብሪካ ሰርቪሶች ሠራተኛ የሚጭኑበት ረጅም ግንብ አለ አይደል? ያ ወንዱ ሁሉ የሚሸናበት። እሱ ይጽዳና ሥዕል ይሳልበት አሉ የወረዳው ኃላፊዎች። ከየአገሩ መጥተው እዚህ የኖሩ ሰዎች ስለ ሴት የሚያወሩት ተረት ይሁን ተባለ። ሠዓሊዋ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ልጅ ናት፣ ሃና ትባላለች። የካሪቢያኖችን ተረት ማን ያውቃል ብላ ስትጠይቅ ሰፈሩ በሙሉ ወደ እኛ ቤት ላካት። ሻሸመኔ ተወልደሽ፣ አማርኛሽ ከእኔ ተሽሎ፣ እስክትሞቺ ጃማይካዋ እንዳሉሽ ቀሩ እኮ።

እናትሽ ከጃማይካ ይዛው የመጣችውን ተረት ነገርኳት። የወንዟን እናት፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን በወርቅ ማበጠሪያ የምታበጥረውን፣ ማበጠሪያዋን የወሰደባትን ሰው እስኪመልስ ድረስ በሕልሙ እየመጣች የምትጠራውን። አቃቂ ወንዝ ዳር ብትቀመጥ ሽታው በማግስቱ ያባርራታል እያልሽ ታስቂን እንደነበርም ነገርኳት። ልጅቷ ሳቀች፤ ከዚያ ፎቶሽን ጠየቀችኝ።

ፀጉርሽ የተፈታበት ፎቶ አንድ ብቻ ነው ያለን። ግቢ ውስጥ ታጥበሽው ፀሐይ ስትሞቂ፣ አባዬ ሳታዪው ያነሳሽ። አይሆንም አለ። ይቺ የእኔ ናት፣ ለአላፊ አግዳሚ አልሰጣትም ብሎ አኮረፈን። ስንት ቀን አኩርፎ ሲያበቃ ሃናን ራሱ አስጠርቶ፣ ፎቶውን በፌስታል ጠቅልሎ፣ እንዳታጥፊው ብሎ ሰጣት።

እማዬ፣ ምነው ባየሽው! የወንዟ እናት ሆነሽ፣ ከአውቶቡስ በልጠሽ፣ እግርሽን ውኃ ውስጥ ነክረሽ፣ የወርቅ ማበጠሪያውን ይዘሽ፣ ድሬድ ፀጉርሽ እስከ ወገብሽ ወርዶ። ከራስሽ ጀርባ ክብ ቢጫ ፀሐይ አደረገችልሽ። ጉዱም ከዚያ መጣ። ጎህ ሳይቀድ ሰርቪስ የሚጠብቁት የፋብሪካ ሴቶች ቢጫዋን ክብ አይተው እመቤታችን መሰልሻቸው! እያማተቡ ነው የሚሳፈሩት። አንዷማ ጫማዋን አውልቃ ግንቡን ስትሳለም አየኋት። ሳቄን በሻርፔ አፈንኩት። አባዬ ግን አልሳቀም። በየጠዋቱ እየሄደ ሰልፍ ይይዛል፤ ተራው ሲደርስ ሳይሳፈር ተመልሶ ከኋላ ይቆማል። ረዳቶቹ ጋሼ ዛሬም አይሄዱም እያሉ ያሾፉበት ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ቀረብ ብላ ማበጠሪያውንና የተፈታውን ፀጉር ልብ አለች። ስንሳለም የከረምነው የወንዝ ዛር ነው እንዴ ተባለ፤ ወሬው ሳሪስ አቦ ድረስ ደረሰ። ሲያማትቡልሽ የነበሩት እየተፉብሽ ማለፍ ጀመሩ። ቆይቶ ፊትሽ ላይ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ተደፍቶበት አገኘነው። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፣ ምን እዋሽሻለሁ።

ኃላፊዎቹ፣ ወይ ፀጉሯ በነጠላ ይሸፈንና ማበጠሪያው ይጥፋ፣ ወይ ግንቡ ግራጫ ይቀባ፣ ቤተሰቡ ይወስን አሉን። እኔ ይሸፈን አልኩ። አንቺስ ለቅሶ ስትደርሺ፣ እድር ስትሄጂ፣ ጎረቤት እንዳይቀየምሽ ስትሸፍኚው አይደል የኖርሽው? ፊትሽ ብቻ ይቅርልኝ ብዬ አባዬን ለመንኩት። ፊትሽን እያየሁ ሥራ መግባት ለምጄ ነበር።

እንቢ አለ። የገነዙሽ ሴቶች ፀጉርሽን ጠቅልለው ሲሸፍኑት በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር ለካ። ፍቱላት ሊል ፈልጎ ሰው አፈረ። ይኼን የነገረኝ ገና ያን ዕለት ነው። ሁለተኛ አላስሸፍናትም አለኝ። ከመሸፈን ግራጫው ይሻላል አለ።

የሰው እጅ አይንካት ብሎ የቀለም ሮለሩን ከሃና ተቀበለና ራሱ ቀባሽ፣ እማዬ። ከእግርሽ ጀመረ። ፊትሽ ጋ ሲደርስ ዘይቱን በመሀረቡ ጠረገ፣ ጠረገ፣ አልለቅ አለው። እኔ መሰላሉን ይዤ ከታች አያለሁ። የፀጉርሽን ጫፍ መጨረሻ ላይ አስቀርቶ ብዙ ቆየ፤ ሰርቪሶቹ ክላክስ እያደረጉብን። ሰው ሁሉ ያየዋል። ከዚያ እሱንም ቀባው።

በነጋታው እዚያው ቦታ ቆሜ ሰርቪስ ጠበቅሁ። ሌላ የት እሄዳለሁ?

አልረሳሽም ልልሽ ነው የተቀመጥኩት፤ ግን ውሸት አልጽፍልሽም። አሁን ዓይኔን ስጨፍን መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ግራጫ ነው። አንቺን አይደለም የማየው፣ የአባዬን እጅ ነው። ቢሆንም ቃል እገባልሻለሁ፤ ያ አልፎ አንቺ እስክትመጪ ድረስ ዓይኔን አልገልጥም። ቢረፍድብኝም፣ ሰርቪሱ ጥሎኝ ቢሄድም አልገልጥም። አንቺ ብቻ ነይ።

ልጅሽ