ባሕር ላይ ስለተዘረጋው መንገዳችን የቀረበ ምስጋናና ልመና

ይድረስ ለክቡር ሙሴ ኦክታቭ ሮሽብሪዩን፣ በፓሪስ የሩቅ ግዛቶች የጉዞ መስመሮች ማስተባበሪያ መምሪያ ዋና ዳይሬክተር፣ የመስመሮች አጥኚ ጉባኤ ሊቀ መንበር፣ የካርታዎች ማጽደቂያ ኮሚቴ የበላይ ጠባቂ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንዲበዛ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ የቢሮዎም ማሞቂያ በበረዶው ወራት ለአንድ ቀን እንኳ እንዳይጠፋ ከልቤ እመኛለሁ። እኛ የሚክሎን ደሴት ሰዎች ከጉሙ፣ ከነፋሱና ከመምሪያዎ ደብዳቤዎች በስተቀር የነካን ነገር የለም፤ ደህና ነን።

ስሜ ሶላንዥ ቪኞ ይባላል። በመንደራችን ፖስታ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ማኅተም ስመታ ኖሬ በጡረታ የተሰናበትኩ ሴት ነኝ። ከፓሪስ የመጣ ወረቀት ሁሉ በእጄ ስላለፈ የመንግሥትን ቋንቋ ከሞላ ጎደል እሰማለሁ። ይህን ደብዳቤ በዳቦ ቤቱ በር ላይ የለጠፍኩትና ማዶ ባለችው ደሴት ለሚታተመው የሴንት ፒየር ጋዜጣም የላክሁት እርስዎን በሰው ፊት ለማሳጣት አስቤ ሳይሆን፣ ስድስት መቶ የምንሆነው የሚክሎን ነዋሪዎች ምስጋናውን አንድ ላይ ሆነን እንድናቀርብ ብዬ ነው።

አንደኛ፤ ስለ መንገዱ እናመሰግናለን። ባለፈው ኅዳር የደረሰን ደብዳቤዎ «ሚክሎንና ሴንት ፒየር በመንገድ የተገናኙ መሆናቸው በካርታ ስለተረጋገጠ፣ በበረዶው ወራት የሚሠራው የመንገደኞች ጀልባ ቀርቶ በአውቶቡስ ተተክቷል» ይላል። ካርታውም ተያይዟል። ከመንደራችን የተነሳ ቀይ መስመር ቀጭኗን የአሸዋ መሬት አቋርጦ ላንግላድ ይደርስና፣ እዚያም ቆም ሳይል በቀጥታ ሴንት ፒየር ወደብ ይገባል። እስከ ላንግላድ ድረስ ያለው እውነት ነው፤ አስፋልት ነው፤ እኛም እንነዳበታለን። ከላንግላድ ወዲያ ያለው ስድስት ኪሎ ሜትር ግን ባሕር ነው፤ መስመሩም የጀልባችን መስመር ነበር። በድሮው ካርታ በነጠብጣብ የተሠመረው፣ በአዲሱ ላይ ነጠብጣቦቹ ተያይዘው መንገድ ሆነዋል። እንግዲህ ጀልባችን የተሰረዘችው የገዛ መንገዷ መንገድ መስሎ ስለታየ ነው ማለት ነው። ኮድ አሣ ለንግድ ማጥመድ ከተከለከለ ወዲህ ከየሁለት ሰው አንዱ የመንግሥት ደመወዝተኛ ስለሆነ የመንግሥት ሥራ እንዴት እንደሚሠራ የማናውቅ ሰዎች አይደለንም፤ ይህን ያህል የረቀቀ ሥራ ግን አይተን ስለማናውቅ ሦስት ቀን ሙሉ ሳቅን። በአራተኛው ቀን ጀልባዋ የምር ቀረች።

ሁለተኛ፤ ስለ አውቶቡሱ እናመሰግናለን። ሃምሳ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ነጭ፣ መቀመጫው የሚሞቅ አውቶቡስ በመጨረሻዋ ጀልባ ተጭኖ መጣልን። መንገድ ካለ ለምን በጀልባ እንደተላከ የጠየቀ ሰው በመምሪያዎ አለመገኘቱ አላስገረመንም። ሾፌር እንዲሆን የተመደበው አርሜል ኮርሚዬ ሃያ ዓመት በጀልባዋ ላይ ገመድ ሲያስርና ሲፈታ የኖረ ሰው ነው። መሪውን እንደጨበጠ «መልሕቁ የቱ ጋ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ሦስተኛ፤ በመካከላችን ባሕር መኖሩን በትሕትና ገልጸን ብንጽፍልዎ፣ «ስለ መንገዱ እርጥበት የሚቀርብ አቤቱታ የመንገዶች መምሪያን ይመለከታል» የሚል ፈጣን መልስ ስለሰጡን እናመሰግናለን።

አራተኛው ነጥብ ስለ እርስዎ ስለራስዎ ነበር። ቄሳችን አንብበው እንዲወጣ ስላዘዙ ወደ አምስተኛው አልፋለሁ። አምስተኛው ይረዝማል፤ ይታገሡኝ።

አምስተኛ፤ ሙሴ ኤድሞን ፍሬስኔን ስለላኩልን ከሁሉ የበለጠ እናመሰግናለን። እኚህ ተቆጣጣሪዎ የመንገደኞችን እርካታ በቅጽ ሊመዘግቡ በየካቲት መጀመሪያ አንድ ጨለማ ምሽት ላይ በትንሿ አውሮፕላን መጡ። ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ክራቫታቸው እስከ ጉሮሯቸው የጠበቀ ሰው ናቸው። በማግስቱ ጉሙ ወረደ፤ ለዘጠኝ ቀንም አልተነሳም። ጉም ሲሆን አውሮፕላኗ እንደማትነሳ የእኛ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ እሳቸውም በእኔ ቤት ከእኔና ከድመቴ ጋር ዘጠኝ ቀን የኮድ አሣ ወጥ ሲበሉ ከረሙ። በየማለዳው መስኮቱን ከፍተው ያዩና ይዘጉታል። ባሕሩን ለማየት አልታደሉም ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት የጎረቤቴ ልጅ ማይዌን ቦድሮ ምጥ ያዛት። የመጀመሪያዋ ነው፤ ቀኑም ገና ሦስት ሳምንት ይቀረው ነበር። የእኛ ሴቶች የሚወልዱት በሴንት ፒየር ሐኪም ቤት ነው፤ ቀናቸው ሲቃረብ በጀልባ ተሻግረው እዚያ ይጠብቃሉ። ዘንድሮ ጀልባ አልነበረም። ባሏ ጎልቨን ደግሞ ያረባቸውን ዳክዬዎች ሊሸጥ በአውሮፕላን ሄዶ እዚያው ማዶ ጉሙ ዘግቶበታል። ነርሳችን ኮራንቲን መርምራት ስትወጣ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር።

«የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል» አለችኝ። «ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት፤ አክስቴ ሶላንዥ፣ ያለሽን ሰው ሁሉ ጥሪ።»

ሴንት ፒየር ወደብ ብደውል ስልኩን ያነሳው ሸርጣን አጥማጁ ፔዮ ኢቱራልድ ነበር። ዘሩ ባስክ ነው፤ ባስኮች ደግሞ እንደሚታወቀው ወሬ አያበዙም።

«በዚህ ጉም ዞሬ ሚክሎን አልመጣም፤ ድንጋዩ ይበላኛል» አለ። «እስከ ላንግላድ አምጧት። እዚያ እሆናለሁ።» ስልኩንም ዘጋው።

እነሆ አውቶቡስዎ የመጀመሪያውን እውነተኛ መንገደኛ አገኘ። ማይዌንን የኋላው ወንበር ላይ በብርድ ልብስ አስተኛናት። ነርሷ ገባች፤ እኔ ገባሁ፤ እናቷ፣ ከንቲባችን፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ዳቦ ጋጋሪው ስለገባ ሚስቱ፣ በጠቅላላው ሠላሳ ሰው ተሳፈርን። ሙሴ ፍሬስኔም ቅጻቸውን በብብታቸው ይዘው ገቡ፤ ለካ መስመሩ የሚፈጀውን ሰዓት ሊለኩ ኖሯል። መቀመጫው በደንብ እንደሚሞቅ በዚህ አጋጣሚ አረጋግጥልዎታለሁ።

አሸዋው መሬት ላይ ስንደርስ አርሜል የገዛ መብራቱን እንኳ ማየት አቃተው፤ እዚያ ያለ ጠባቂ የሚውሉት ፈረሶችም ለነፋሱ ጀርባቸውን ሰጥተው መንገዱን ሞልተውታል። ጥሩምባ ቢነፋላቸው ጆሯቸውን ብቻ ነቅነቅ አደረጉ። በዚህ ጊዜ ተቆጣጣሪዎ ሳይጠየቁ ወርደው፣ ጃንጥላቸውን እየከፈቱና እየዘጉ፣ «በመምሪያው ስም! በመምሪያው ስም!» እያሉ ፈረሶቹን ያባርሩ ጀመር። ፈረሶቹም፣ ክቡር ሆይ፣ ሄዱ። ማይዌን በምጧ መሐል ከት ብላ ስትስቅ ነርሷ «አታስቁብኝ!» ብላ ሁላችንንም ተቆጣችን። ከዚያ በኋላ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እሳቸው በእግራቸው ከፊት እየመሩ፣ አውቶቡሱ ጃንጥላውን እየተከተለ ሄድን።

ላንግላድ ስንደርስ አስፋልቱ አለቀ። አርሜል ሞተሩን አጠፋ። ሙሴ ፍሬስኔ ካርታዎን አውጥተው ጉሙን አዩ፤ መልሰው ካርታውን አዩ።

«ለምን ቆምን?» አሉ። «መንገዱ የት አለ?»

«ከፊትዎ ነው፣ ሙሴ» አለ አርሜል። «ጫማዎን ብቻ ያውልቁ።»

ወደ ፊት ሦስት እርምጃ ተራመዱ። አራተኛው እስከ ጉልበታቸው ገባ። ወደ እኛ ሲዞሩ የነበረው ፊታቸው ከዓይኔ አይጠፋም፤ ሠላሳችንም ልንስቅ ተዘጋጅተን ሳለ ማንም አልሳቀም፤ ማይዌን ከኋላ ጮኻ ነበርና።

የፔዮ ጀልባ ከጉሙ ውስጥ ወጣች። ማይዌንን ስናሳፍራት የያዘችው ነገር ቢኖር የተቆጣጣሪዎን ክራቫት ነበር፤ አልለቅም አለች።

«እመቤቴ፣ እባክዎ፣ እኔ እኮ መሬት ላይ ነው የምቀረው» አሉ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው።

«መንገድ አለ ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም?» ብላ ጮኸችባቸው። «በል እስከ መጨረሻው አብረኸኝ ትሄዳለህ!»

ሄዱ። ነርሷ፣ እናቷ፣ እኔና እሳቸው በሸርጣን ማጥመጃ ቅርጫቶች መሐል ተቀመጥን። ግማሹን እንደተሻገርን ኮራንቲን እጇን አነሳች፤ ፔዮም ሞተሩን አጠፋ። ጉም፣ ዝምታ፣ ውኃው የጀልባዋን ጎን መታ መታ ሲያደርግ ብቻ። የማይዌን ከንፈር ነጭ ሆኖ ነበር። እናቷ ትጸልያለች፤ እኔ ጸሎቱ ጠፋኝ፤ ተቆጣጣሪዎ ደግሞ ከቅጽዎ ላይ ጥያቄዎቹን ማንበብ ጀመሩ። «መቀመጫው ተመችቶዎታል?» «አልተመቸኝም!» «ሾፌሩ ትሑት ነበር?» «አሳማ ነው!» «መስመሩን ለወዳጅዎ ይመክራሉ?» ለዚህኛው የሰጠችውን መልስ ቄሳችን አስወጥተውታል። ነገር ግን እየተሳደበች ገፋች፤ በስምንተኛው ጥያቄ ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ በተቆጣጣሪዎ ካፖርት ተጠቅልላ ስታለቅስ ፔዮ ኢቱራልድ፣ ያ ድንጋይ የመሰለ ሰው፣ ጀርባውን ሰጥቶን ረጅም ጊዜ ባሕሩን አየ። ሙሴ ፍሬስኔ በቅጹ ጠርዝ ላይ ሰዓቱን ጻፉ። በሴንት ፒየር ወደብ ጎልቨን ወዲያ ወዲህ ሲል ጠበቀን፤ ሐኪሞቹም እናቲቱን ሦስት ቀን አስተኝተው አዳኗት። ልጅቱ አዜኖር ተባለች።

ችግር የመጣው ስሟን ማስመዝገብ ላይ ነው። የክብር መዝገብ ሹሙ የትውልድ ቦታዋን ጠየቁ። ጉሙ ሲነሳ በአውሮፕላን የደረሱት የእኛ ከንቲባ «የሚክሎን ናት፤ በመጪው ጊዜ አንድ ልጅ ከጎደለን የትምህርት ቤታችን ክፍል ይዘጋል» አሉ። የሴንት ፒየሩ ከንቲባ «ፊቷ ወደ እኛ ነበር» አሉ። አገረ ገዥው ከተሾሙ ገና ሁለት ወራቸው ስለሆነ ሁለቱንም ደገፉ። ክርክሩ እስከ ምሳ ደረሰ። ያን ጊዜ ሙሴ ፍሬስኔ ካርታዎን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ በቀይ መስመሩ መካከል ጣታቸውን አኑረው እንዲህ አሉ፦

«ልጅቱ ባሕር ላይ አልተወለደችም። መምሪያዬ እዚህ ላይ ባሕር መኖሩን አያውቅም። የተወለደችው መንገድ ላይ ነው።»

በማኅተምዎም አተሙበት። ሹሙ ማኅተም አይተው እምቢ የሚሉ ሰው አይደሉምና «ከሚክሎን ወደ ሴንት ፒየር በሚወስደው የመንግሥት መንገድ ላይ» ብለው ጻፉ። ክፍሉም ተረፈ፤ መንገዱ ከእኛ ወገን ስለሚጀምር።

ሰው የተወለደበት መንገድ ደግሞ በሕግ ፊት መንገድ ነው። ስለዚህ ከንቲባችን በማግስቱ መንገዱ ክፉኛ መጎዳቱን፣ ስድስት ኪሎ ሜትሩም በሙሉ በውኃ መሸፈኑን ገልጸው የጥገና ጥያቄ አቀረቡ። ከመምሪያዎ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ መጣ፤ በእርስዎ ፊርማ፤ «መንገዱ እስኪጠገን ድረስ የመንገደኞች ጀልባ በጊዜያዊነት ሥራ እንዲጀምር ተፈቅዷል» ይላል። በዚያ ቀን በሚክሎን የነበረው ጭፈራ! አርሜል አውቶቡሱን ወደ ወደቡ አውርዶ ጀልባዋ ስትገባ እስኪደክመው ጥሩምባ ነፋላት፤ ቄሳችንም ጨፈሩ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያስቸከቸከኝ ባለፈው ሳምንት የደረሰን ደብዳቤዎ ነው። በካርታው ላይ ስሕተት መገኘቱንና ከላንግላድ ወዲያ ያለው መስመር በአጭር ጊዜ ውስጥ እንደሚፋቅ ይነግረናል። ክቡር ሆይ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ አያርሙት! ጀልባችን በወረቀት ላይ የምትኖረው የተበላሸ መንገድ ምትክ ሆና ብቻ ነው፤ መንገዱ ከተፋቀ የሚጠገን ነገር የለም፤ የሚጠገን ከሌለ ጀልባዋ የለችም። ልጃችን አዜኖርም ያልነበረ ቦታ ላይ የተወለደች ትሆናለች። ስለዚህ የመንደሩ ሰው ሁሉ በፊርማው የሚለምንዎት፣ መንገዱን ባለበት እንዲተዉልንና፣ ጥገናውንም መምሪያዎ ሌሎች ሥራዎቹን በሚሠራበት ፍጥነት እንዲሠሩልን ነው። ይህን ካደረጉ የአዜኖር የልጅ ልጆችም በጀልባ እንደሚሻገሩ አንጠራጠርም።

ላደረጉልን፣ ሳያውቁ ላደረጉልን፣ በተለይም ሊያደርጉ አስበው ለረሱልን ሁሉ ወሰን የሌለው ምስጋናችንን እያቀረብን፣ ከባሕሩ ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብለን እጅ እንነሳለን።

የክቡርነትዎ ታዛዥና የማትረሳዎት፣
ሶላንዥ ቪኞ
ሚክሎን፣ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ያለው ቢጫ ቤት

ማሳሰቢያ፦ ሙሴ ፍሬስኔ ወደ ፓሪስ መቼ እንደሚመለሱ እርስዎ በስልክ ጠይቀውን ነበር። አይመለሱም። ከሰኞ ጀምሮ በጀልባዋ ላይ ቲኬት ይቆርጣሉ፤ ክራቫትም ትተዋል። በደብዳቤው አናት ላይ ማዕረጎችዎን አንድ ሳይቀር እንድጽፍ የመከሩኝም እሳቸው ናቸው፤ ስድስት ዓመት አብረውዎት ሲሠሩ እርስዎ ከማዕረጎችዎ አልፈው ያነበቡት፣ ሳይፈርሙበትም የቀሩት ደብዳቤ እንደሌለ ነግረውኛል።